ሕጉ ከፈቀደ ምኑ ነው ኃጢአቱ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በርሊን ነው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። በጋ ሲመጣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሐይቅ ወይም መዋኛ እንሄዳለን። ሴቶቹ ከላይ የለበሱትን አውልቀው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሕጉም ይፈቅዳል፣ ዞር ብሎ የሚያያቸውም የለም። እኔን ግን «ምን ያሳፍርሻል?» ይሉኛል። አሁን ደግሞ ሳውና (በሙቀት የሚላቡበት ክፍል) እንሂድ ብለው ይዘውኛል። ባለቤቴ በበኩሉ እነሱ ባሉበት መገኘቱ ራሱ ኃጢአት ነው ይላል። ሕጉ ከፈቀደ ምኑ ነው ኃጢአቱ? መሄዴንስ ልተው? በቅርቡ እህቴን ለመጠየቅ ዱባይ ስለምሄድ የዚያንም ይንገሩኝ።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እህቴ። ሳትደብቂ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ይሄን ለንስሐ አባቱም መናገር ያፍራል።

አስቀድመን የአገሩን ሕግ እንመልከት። ባልደረቦችሽ የነገሩሽ እውነት ነው። ጀርመን ውስጥ መራቆትን ብቻውን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ የለም። ሌላውን ሰው የሚያውክ ሆኖ ሲገኝ ነው መቀጮ የሚመጣው። ራቁትን መዋኘትና ፀሐይ መሞቅ እዚያ አገር ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ራሱን የቻለ ባህል ነው፤ ኤፍ ካ ካ ይሉታል። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ በጣም የተለመደ ነበር። የበርሊን መዋኛዎች ጉዳይ ግን የቅርብ ነው። በ2022 መጨረሻ (በፈረንጆቹ) አንዲት ሴት ደረቷን ሳትሸፍን በመዋኘቷ እንዳትቀጥል ተከለከለችና አቤት አለች። በመጋቢት 2023 ከተማዋ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ ከላይ ሳይለብሱ መዋኘት እንደሚችሉ አሳወቀች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ከተማዋ የመለሰችው «ወንድ ከተፈቀደለት ሴት ለምን ትከለከላለች?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የእኩልነት ጥያቄ ነበር፣ መልሱም የእኩልነት ነው። እኔ በዚህ አልከራከርም። አንቺ የጠየቅሽኝ ግን «የተጠመቅሁበትን፣ ሥጋ ወደሙ የምቀበልበትን ሰውነት እንዴት ልያዘው?» ነው። ይሄን የትኛውም ማዘጋጃ ቤት አይመልስልሽም። ሕግ የሚነግርሽ በምን እንደማትቀጪ ብቻ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ሁሉ ግን የሚጠቅመኝ አይደለም» ያለው ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው። ቆሮንቶስ ብዙ ነገር የሚፈቀድባት የወደብ ከተማ ነበረች። እዚያው ምዕራፍ ላይ ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ከከተማው ውጡ አላላቸውም። በከተማው ውስጥ የክርስቶስ ሆናችሁ ኑሩ ነው ያላቸው።

አዳምና ሔዋን ራቁታቸውን ሳሉ አይተፋፈሩም ነበር። ከወደቁ በኋላ የበለስ ቅጠል ሰፉ። እግዚአብሔር ግን በዚያ አልተዋቸውም፤ የቁርበት ልብስ አድርጎ እርሱ ራሱ አለበሳቸው። እኔ ይሄ ቦታ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። ከገነት ሳያስወጣቸው በፊት ነው ያለበሳቸው። ልብሳችን ከቅጣት ይልቅ የእርሱ ርኅራኄ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የምንቀበለው መጽሐፈ ኩፋሌ ደግሞ ይሄንኑ ታሪክ ተርኮ፣ ሕጉን የሚያውቁ ኀፍረታቸውን ይሸፍኑ፣ አሕዛብ እንደሚገለጡም አይገለጡ ይላል። «ሕጉን የሚያውቁ» የተባሉት እኔና አንቺ ነን። የማያውቀውን ፍረዱበት የሚል ቃል የለበትም።

ይሄን ስል ሰውነት ርኩስ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ። አንዳንድ ሰባኪዎች እንዲህ ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ያሳዝነኛል። እናቶቻችን በቅዳሴ መካከል ልጃቸውን ያጠባሉ፤ ነውር የሚለው የለም። ጠበል ስንጠመቅ ወንዱ በወንድ፣ ሴቷ በሴት በኩል ልብሳችንን እናወልቃለን። ሐኪም ፊትም እንገለጣለን። እንግዲህ ጥያቄው የት፣ በማን ፊትና ለምን የሚለው ነው። ለጤና፣ ለጠበል፣ ልጅ ለማጥባት፣ በትዳር ውስጥ መገለጥ አለ። በማያውቁሽ ሰዎች መካከል ለመዝናናት ብሎ መገለጥ ግን ሌላ ነው። ይሄኛውን አትልመጂው እልሻለሁ።

ባለቤትሽ የተናገረው ከቅንዓትና ከፍቅር ነው፤ አክብሪለት። ሆኖም ሌላ ሰው ስለተገለጠ አንቺ ኃጢአት ሠራሽ ማለት አይደለም። ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ በተራቆተ ጊዜ ካም አይቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን አዙረው ሸፈኑት። አንቺም ዓይንሽን መመለስ ትችያለሽ። ጻድቁ ኢዮብ «ከዓይኔ ጋር ቃል ኪዳን ገባሁ» ያለው ለዚሁ ነው። ባለቤትሽ አብሮሽ ሲሄድ የሚከብደው ከሆነ ግን ፈተናውን አትናቂበት፤ ቤተሰቦች ወደሚበዙበት ቦታ ሂዱ። ሙኒክ ራቁት ለሚሆኑ የተለየ ቦታ ከልላለች፤ ብዙ ሐይቆችም እንዲሁ ናቸው። ምልክቱን አይቶ ማለፍ ይቻላል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝን ልንገርሽ። ከወንድሞቻችን መካከል «እነዚህ አያፍሩም» እያሉ በስልካቸው አንስተው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚለቁ አሉ። ይሄ የካም ሥራ ነው። ጌታችን «ወደ ሴት ያየ ሁሉ የተመኛትም» ብሎ ጥፋቱን በተመልካቹ ላይ ነው ያኖረው። ያቺ ሴት ሕጓን አልጣሰችም፤ በባህሏም ነውር አልሠራችም። ሳትፈቅድ ያነሳት ግን በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት በድሏል። ባልደረቦችሽን በልብሽ አትናቂ፤ «የእኔ እምነት እንዲህ ያስተምረኛል» ብለሽ በፈገግታ ንገሪያቸው። ጀርመኖች ቁርጥ ያለ ነገር ሲነገራቸው ያከብራሉ።

መዋኘትን አትተዪ። ዋና ኃጢአት አይደለም፣ ለጤናም ጥሩ ነው። ሙሉ የዋና ልብስ ልበሺ፣ ከውኃ ስትወጪ ፎጣ ወይም ነጠላ ጣል አድርጊ። ሳውናው ግን ይለያል። እዚያ አገር አብዛኛው ሳውና የዋና ልብስ አያስገባም፤ ወንድና ሴትም አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። ስለዚህ ከባልደረቦችሽ ጋር የተቀላቀለው ውስጥ አትግቢ። ብዙ ቦታ ለሴቶች ብቻ የተለየ ቀን አለ፤ ዳመንሳውና ብለሽ ጠይቂ። በዚያ ፎጣሽን አገልድመሽ ብትገቢ ችግር አይታየኝም።

ወደ ዱባይ ስትሄጂ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ በባሕር ዳርቻም ቢሆን ደረትን መግለጥ ክልክል ነው፤ የዋና ልብስም ከባሕርና ከመዋኛ ውጭ አይለበስም። በ2021 እዚያው ዱባይ በፎቅ በረንዳ ላይ ራቁታቸውን ፎቶ የተነሡ ሰዎች ታስረው ከአገር ተባረዋል። በ2015 ደግሞ ማሌዥያ ውስጥ የአገሬው ሰው በሚያከብረው በኪናባሉ ተራራ ላይ ልብሳቸውን ያወለቁ ቱሪስቶች 3 ቀን እስራትና 5,000 ሪንጊት (የማሌዥያ ገንዘብ) መቀጮ ተፈርዶባቸዋል። ዱባይ ገበያ ስትወጪ ትከሻና ጉልበትሽን ሸፍኚ። ይሄ የሌላ እምነት ሰዎች አገር ነው ብለሽ አታቃልዪው፤ ሐዋርያው ለሹማምንት ተገዙ ሲል የአማኝ ሹማምንትን ብቻ አላለም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በእኛ አቆጣጠር ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታን የምንጾመው የአውሮፓ በጋ ገና ሳያልፍ ነው። የሐይቁ ቀጠሮ በሱባኤው ላይ ከዋለብሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪና ቀኑን አስቀይሪያቸው።