ፓቱላ ወይስ ራዲያታ? መርፌውን ትተህ ኮኑን እየው

«ሁለት የፓይን ዛፎች አሉኝ፤ ሁለቱም ከአንድ እግር ሦስት ሦስት መርፌ (መርፌ መሰል ቅጠል) ያወጣሉ፤ የትኛው ፓቱላ፣ የትኛው ራዲያታ ነው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ መቁጠሩን ተወው። ባለ ሁለቱን ስኮትስ ፓይን ከባለ አምስቱ ስትሮበስ ለመለየት ቆጠራ አሪፍ ነው። እዚህ ግን አያዋጣም። ፓቱላ ጭራሽ አንዳንዴ አራትና አምስት ያወጣል።

መጀመሪያ ራቅ ብለህ ቁም። የፓቱላ መርፌ ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ቀጭን ስለሆነ ታጥቦ እንደተለቀቀ ፀጉር ወደ ታች ይዘናፈላል። የራዲያታ አጠር ይላል፣ ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አይዘናፈልም።

ከዚያ ቀና ብለህ የግንዱን ላይኛ ክፍል እይ። ከታች ሁለቱም ጠቆር ያለ፣ የተሰነጣጠቀ ቅርፊት ስላላቸው ያምታታሉ። ፓቱላ ግን ወደ ላይ ሲሄድ ብርቱካናማ ይሆናል፤ ቅርፊቱም እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ይላጣል።

ለእኔ ዋናው ዳኛ ኮኑ፣ ማለትም ዘሩን በክዳኖቹ መሃል የሚይዘው እንጨታማ ፍሬ ነው። ሁለቱም ኮናቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወደ ኋላ አዙረው ለዓመታት ስለሚይዙ አያያዙ አይለያቸውም። ቅርጹን እይ። የፓቱላ ቀጠን፣ ሾል ያለ ነው። የራዲያታ ወፍራምና ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው፤ በውጭ በኩል ያሉት ክዳኖቹ እንደ ተጨበጠ እጅ አንጓ ያበጡ ናቸው። ዓይንህን ጨፍነህ ብትዳስሰው እንኳ ታውቀዋለህ።

እኔ ራሴ አንዴ ጉድ ሆኛለሁ። ከዛፍ ሥር ያነሳሁትን ወፍራም ኮን ይዤ «ራዲያታ ነው!» ብዬ ሰው ፊት ደረቴን ነፋሁ። አንዱ ምንም ሳይል በጣቱ ወደ ላይ ጠቆመኝ። ግንዱ ብርቱካን መስሏል። ኮኑ ለካ ከጎረቤት ዛፍ ተንከባልሎ የመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፍ ላይ ያላየሁትን ኮን አላምንም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ግሬጊ የሚባል የፓቱላ የቅርብ ዘመድ አለ። ኮኑ ቁርጥ ፓቱላን ነው። መርፌው ግን አጭርና ቀጥ ያለ፣ የላይኛው ግንዱም ለስላሳ ግራጫ ነው።

ዛፎችህ ገና ኮን ካልያዙ በመርፌው ርዝመትና አወዳደቅ ገምት። ከያዙ ግን ኮኑን ከነቅርንጫፉ፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርገህ ፎቶ አንሳና ለጥፈው። ከሩቅ በተነሳ ፎቶ ማንም አይፈርድልህም።