ገንዘቡ ሳይገባ «ተቀብያለሁ» ብዬ ልፈርም እንዴ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ቪትዝ መኪና አለችኝ፣ ልሸጣት ነው። ደላላ ገዢ አመጣልኝና በ1 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር ተስማማን። ሰውየው ጨዋ ይመስላል፣ የሚለው ነገር ግን ግራ አጋባኝ። መጀመሪያ ውልና ማስረጃ ሄደን እንፈራረም፣ ከዚያ አጠገቡ ካለው ባንክ አስተላልፍልሃለሁ ይላል። ደላላው «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው፣ አታካብድ» አለኝ። ውሉ ላይም 600 ሺህ ብር ብለን እንጻፍ፣ ወጪው ይቀንሳል ብለውኛል። ካልሆነ ደግሞ ውክልና ስጠውና ስሙን ቀስ ብሎ ያዞራል አሉ። ባለቤቴ በበኩሏ ካሽ ካልሆነ አይሆንም ብላለች። ምን ይሻለኛል? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰውየው የምር ጨዋ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ተፈርሞ ኋላ ተከፍሎ፣ ሻይ ተጠጥቶበት በሰላም የሚያልቅ ሽያጭ ሞልቷል። ጥያቄው ሌላ ነው። ጨዋ ባይሆንስ በእጅህ ምን ይቀራል? ምንም።

ለምን መሰለህ፣ ውልና ማስረጃ የምትፈርምበት ወረቀት ላይ አብዛኛውን ጊዜ «የሽያጩን ገንዘብ በሙሉ ተቀብያለሁ» የምትል ዐረፍተ ነገር አለች። ጸሐፊው ከለመደው ቅጽ ላይ የሚገለብጣት ስለሆነች ማንም ልብ አይላትም። አንተ ግን ስትፈርም ገንዘቡን እንደወሰድክ በገዛ እጅህ መሰከርክ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 እና 2006 የጽሑፍ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው ይላሉ። ኋላ «አልተከፈለኝም» ብለህ ደላላውንም ጎረቤትህንም ምስክር ብትደረድር ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን በሰው ምስክር ማስተባበል አይፈቀድልህም፣ የሚቀርህ ገዢው በመሐላ ያረጋግጥልኝ ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። መኪናህን ይዞ የጠፋ ሰው ለመማል የሚቸገር ይመስልሃል?

ስለዚህ ገንዘቡ ሳይገባ ያቺን ቃል አትፈርም። ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ደላላው «ሁሉም እንደዚህ ነው» ያለህን ተወው። እሱ ኮሚሽኑን የሚጠብቀው ከውሉ መፈረም ነው። ገንዘቡ አንተ ሂሳብ ገባ አልገባ የሱ ጉዳይ አይደለም። የሚያጣድፍህ የግድ ክፉ ሰው ስለሆነ ሳይሆን የሱ ሥራ እዛ ጋ ስለሚያልቅ ነው።

እስቲ ደግሞ በገዢው ቦታ ሁን። ያን ሁሉ ብር ከላከልህ በኋላ አንተ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ብትለውስ? እሱም መፍራቱ አይፈረድበትም። ለዚህ ነው እኔ ሲፒኦ (ባንኩ ገንዘቡን ከከፋዩ ሂሳብ ቀንሶ በተቀባዩ ስም የሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ) የምመርጠው። ሲፒኦውን በአንተ ስም ያሠራ፣ ስምህ መታወቂያህ ላይ እንዳለው እስከ አያትህ ተጽፎ። ያኔ ገንዘቡ ከሱ ሂሳብ ወጥቶ ባንኩ ጋ ተቀምጧል፣ አንተ እስክትፈርም ደግሞ ወረቀቱ እሱ እጅ ይቆያል። ሁለታችሁም እፎይ ትላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ፎርጅድ ሲፒኦ አለ። ኮፒውን ቀደም ብለህ ተቀበልና ያወጣው ቅርንጫፍ ድረስ ራስህ ሄደህ ጠይቅ። ርቆብህ በስልክ የምታጣራ ከሆነ ደግሞ ገዢው በሰጠህ ቁጥር አትደውል፣ የባንኩን ቁጥር ራስህ ፈልግ። ባንክ ሊዘጋ ሲል ወይም ቅዳሜ ከሰዓት ላይ «በቃ ዛሬ እንጨርሰው» የሚል ሰው ከመጣ ለሰኞ ቅጠረው። ማጣራት በማይቻልበት ሰዓት መምጣት የታወቀ ዘዴ ነው። ስትፈራረሙም ውሉ ላይ የባንኩን ስም፣ የሲፒኦውን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን አስጽፍ። በዚህ ቁጥር ሲፒኦ ተከፍሏል የሚል ውልና ባዶውን «ተቀብያለሁ» የሚል ውል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሲፒኦውንም ኪስህ ይዘህ አትደር፣ የዛኑ ቀን ሂሳብህ ውስጥ አስገባው።

ሁለታችሁም አንድ ባንክ ሂሳብ ካላችሁ ማስተላለፍም ጥሩ ነው። ጠዋት ውሉን አስጽፉና አንብቡት፣ ሳትፈርሙ አብራችሁ ባንክ ግቡ፣ ገንዘቡ ሲገባ ተመልሳችሁ ፈርሙ። የሞባይል ባንኪንግ የቀን ገደብ ስላለው ለዚህ ያህል ብር ቅርንጫፍ መሄዳችሁ አይቀርም። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ ከሆነ ገንዘቡ እስኪገባ ትንሽ ሊቆይ ይችላልና ሰዓቱን አስቡበት። መቼም ቢሆን ስክሪንሾት አትመን። ሜሴጅም አትመን። የባንክን ሜሴጅ አስመስሎ መላክ ቀላል ሆኗል። ባላንስህን ራስህ እይ፦ ንግድ ባንክ ከሆነ በ*889# ወይም በራስህ አፕ፣ በተላከልህ ሊንክ ግን አይደለም። ካሸሯ ፊት ከሆንክ ደግሞ እሷኑ ጠይቃት። ገንዘቡ የመጣው በገዢው በራሱ ስም መሆኑንም አረጋግጥ። «ተሳስቼ ጨምሬ ልኬብሃለሁ፣ ትርፉን መልስልኝ» የሚል ካለ ደግሞ በእጅህ እንዳትመልስ፣ ባንኩ ያስተካክለው።

ቼክ? በፍጹም። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያሳስራል፣ እውነት ነው። ግን ሰውየው ቢታሰር መኪናህ አትመለስልህም።

ባለቤትህ ካሽ ማለቷ ይገባኛል፣ የተጨበጠ ነገር ይሻላል ብላ ነው። ግን 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ብር በባለ 200 ኖት 7,250 ቅጠል ነው። ያንን መንገድ ላይ ቆማችሁ ልትቆጥሩት ነው? ሐሰተኛ ኖት ቢቀላቀልበት በምን ታውቃላችሁ? ይዛችሁ ወደ ቱሉ ዲምቱ ስትመለሱስ ማን ያያችኋል? ገዢው ያለው ካሽ ብቻ ከሆነ እሱ ራሱ ካሸር ፊት በአንተ ሂሳብ ያስገባው፣ ቆጠራውም ምርመራውም የባንኩ ይሁን። እግረ መንገዴን፣ መኪናዋ በትዳር ላይ እያላችሁ የተገዛች ከሆነች የባለቤትህ ስምምነትና ፊርማም ይጠየቃል፣ ስለዚህ አሁኑኑ ብትስማሙ ነው የሚሻለው። የጋብቻ ማስረጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

600 ሺህ ብለን እንጻፍ የሚለው ነገር ላይ አልለሳለስም። መንግሥትን ማታለል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ነገ ገዢው ቢክድህ በእጅህ ያለው ወረቀት 600 ሺህ ነው የሚለው። ፍርድ ቤትም ሄደህ የምትጠይቀው ያንኑ ነው። ያተረፈው ገዢው፣ አደጋው የአንተ። ትክክለኛውን ዋጋ አስጽፍ።

ውክልናውን ደግሞ እርሳው። ስሙ ሳይዞር መኪናዋ መንገድ ላይ እስካለች ድረስ ሊብሬው ላይ ያለኸው አንተ ነህ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለንብረቱን ነው ተጠያቂ የሚያደርገው፣ ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም። ውክልና የያዘው ሰውዬ ለሌላ ሰው ሸጦ፣ ያኛውም ለሌላ ሸጦ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የት እንዳለች የማታውቃት መኪና ሰው ገጭታ ፖሊስ አንተን ቤት ያንኳኳል። ስም ይዙር፣ አለቀ።

ቁልፍና ሊብሬ የምታስረክበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዋናውን ሊብሬ ለደላላ አትስጥ፣ ኮፒ ይበቃዋል። ስታስረክብ አንዲት ትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ኪሎሜትሩን። ከዚያ ሰዓት በኋላ የሚመጣ የትራፊክ ቅጣት የማን እንደሆነ አያከራክራችሁም።

ጥያቄ፦ ዲኤክስ መኪናዬን ልሸጥ 50 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብዬ ነበር። አሁን ሌላ ሰው 40 ሺህ ብር ጨምሬ ልግዛ አለኝ። ቀብዱን መልሼ ለሁለተኛው ብሸጥ ችግር አለው? ጡረተኛ ነኝ፣ 40 ሺህ ብር ለኔ ቀላል አይደለም። (ከሰበታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ 40 ሺህ ብር ለማንም ቀላል አይደለም። ግን ቀብድ እንዲሁ በአደራ የተቀመጠ ብር አይደለም፣ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። የተለየ ስምምነት ከሌላችሁ በቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበሉት እርስዎ ከቀየሩ ደግሞ እጥፍ አድርገው ይመልሳሉ። እንግዲህ ያስሉት። 50 ሺህ ተቀብለው 100 ሺህ ሊመልሱ ነው፣ ከኪስዎ 50 ሺህ ወጣ ማለት ነው፣ የሚጨመርልዎ 40 ሺህ። ለሁለተኛው ቢሸጡ 10 ሺህ ይከስራሉ፣ ክርክሩና መንገላታቱ ሳይቆጠር።

ይልቅ የመጀመሪያው ገዢ ቀሪውን እስከ መቼ እንደሚከፍል የተጻፈ ነገር አለዎት? ካለና ቀኑ ካለፈ ነገሩ ሌላ መልክ ይኖረዋል፣ ወረቀቱን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ። ከሌለ ዛሬውኑ ደውለው ቀን ያስቆርጡት፣ በጽሑፍም ያድርጉት። ደላሎች አንዳንዴ ዋጋ የሚጨምር ሰው ከየትም እንደሚያመጡም አይርሱ። የመጀመሪያው ውል ከፈረሰ በኋላ ያ ሰው ስልክ ላያነሳ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለገጣፎ ነው ያለሁት። መኪናዬን ልትገዛ የመጣችው ልጅ ገንዘቡን የምትልክላት አሜሪካ ያለች እህቷ ናት። «የሂሳብ ቁጥርሽን ስጪኝ፣ እዚህ ያሉ ሰዎች ብሩን ያስገቡልሻል» አለችኝ። አራት የማላውቃቸው ሰዎች በየስማቸው ነው የሚያስገቡት። ብሩ ከገባ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር፣ ወንድሜ ግን ተይ አለኝ። (ከለገጣፎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን ስሚው። ይሄ የጥቁር ገበያ ሐዋላ ነው። ዶላሩ እዛ ማዶ ለአንዱ ይሰጣል፣ ብሩ ደግሞ እዚህ ካለ ሰው ሂሳብ ወደ አንቺ ይመጣል። ልጅቷም እህቷም ምንም ክፋት ላይኖርባቸው ይችላል፣ ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ግን እነዚያ አራት ሰዎች ማን እንደሆኑ፣ ብሩን ከየት እንዳመጡት አንቺ አታውቂም። ብሔራዊ ባንክ ከዚህ በፊት በጥቁር ገበያ የተጠረጠሩ ሰዎችን ሂሳብ አሳግዷል። የአንዱ ሂሳብ ሲመረመር ብሩ የሄደበት ሁሉ ይታያል፣ አንቺም እዛ ዝርዝር ውስጥ አለሽ። መኪናሽ ተሸጣ፣ ሂሳብሽ ታግዶ፣ ማስረዳቱ አንቺ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ደግሞ ውሉ ላይ ገዢ የተባለችው ልጅ ናት፣ ከፋዮቹ ሌሎች ናቸው። ነገ አንዱ ተነስቶ «እኔ ብድር ነው የላክሁላት» ቢል በምን ትመልሺለታለሽ?

መፍትሔው ቀላል ነው። እህትየዋ በባንክ በኩል በሕጋዊ መንገድ ለእህቷ ትላክላት። ልጅቷ ገንዘቡ በስሟ ከገባላት በኋላ ካንቺ ጋር ባንክ ገብታ በራሷ ስም ታስተላልፍልሽ ወይም በስምሽ ሲፒኦ ታሠራልሽ። ሁለት ሦስት ቀን ቢዘገይ ይዘግይ። እሷ ይሄን ካልፈለገች ሌላ ገዢ ፈልጊ፣ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለተከለከለ ደህና የቤንዚን መኪና ገዢ አያጣም። የሂሳብ ቁጥርሽን ሰጥተሻት ከሆነና ብሩ መግባት ከጀመረ ደግሞ አንዲት ሳንቲም ሳትነኪ ባንክሽ ሄደሽ አሳውቂ፣ ልጅቷ ራሷ በሰጠችሽ ሌላ ሂሳብ ግን እንዳትመልሺ።