መዝገበ ቃላትን ከትእዛዝ መስመር መጠየቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ስሠራ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ፍቺ ብራውዘር መክፈት ሰልችቶኛል። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። «ዲክት» የተባለውን ፕሮግራም ጭነው ስሙንና ከስሙ ቀጥሎ ቃሉን ቢጽፉ ፍቺው እዚያው ይወጣል። ፕሮግራሙ የራሱ መዝገበ ቃላት (በአጭሩ መዝገብ) የለውም፤ በ1997 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነው ፕሮቶኮል (የኮምፒውተሮች የመነጋገሪያ ደንብ) መሠረት በፖርት 2628፣ ማለትም ለዚህ አገልግሎት በተመደበው የግንኙነት በር ቁጥር፣ በኩል ሰርቨር (መዝገቦቹን ይዞ ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር ወይም ፕሮግራም) ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ለአንድ ቃል የሚመጣው ፍቺ በዛብኝ።

መልስ፦ መዝገብ ካልመረጡ ሁሉም ይጠየቃሉና ነው። ከትእዛዙ በኋላ ሰረዝና «ዲ» ፊደልን ጨምረው የመዝገቡን አጭር ስም ይስጡ። ለዛሬ አነጋገር የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ዎርድኔት ይሻላል፤ የቆየ ጽሑፍ ሲያነቡ ግን በ1913 የዌብስተር እትም ላይ የተመሠረተውን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የቃሉን አጻጻፍ በትክክል ባላውቅስ?

መልስ፦ ይህ የፕሮግራሙ ትልቁ ጥቅም ይመስለኛል። «ሪሲቭ» ስትጽፉ «ኢ» እና «አይ» ቦታ ቢለዋወጡባችሁ፣ ፍቺ አልተገኘም ካለ በኋላ በአንድ ፊደል ብቻ ወይም በሁለት ጎን ለጎን ፊደላት መለዋወጥ የሚለያዩትን ቃላት ይዘረዝርላችኋል። በድምፅ የሚፈልገው «ሳውንዴክስ» የተባለው ስልትም አለ፤ ሆኖም የመጀመሪያውን ፊደል እንዳለ ስለሚይዝ፣ «ኖሌጅ» የሚለውን ቃል በ«ኬይ» መጀመሩን ሳያውቁ በ«ኤን» ለሚጽፉት አይጠቅምም። እንዲህ ሲሆን የቃሉን መጨረሻ ብቻ ሰጥቶ በቅጥያ ስልት መፈለግ ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል?

መልስ፦ ሰርቨሩንና መዝገቦቹን በራስዎ ማሽን ላይ ከጫኑ ይሠራል። መዝገቡ የተጨመቀው በክፍልፋይ ስለሆነና ማውጫው የእያንዳንዱን ፍቺ ቦታና ርዝመት ስለሚይዝ፣ ለአንድ ቃል ፋይሉ በሙሉ አይፈታም። ጥያቄውም በኔትወርክ ላይ ሳይመሠጠር የሚጓዝ ስለሆነ፣ የሚፈልጉትን ቃል ሌላ ሰው እንዳያይ ለሚጠነቀቁ ይህ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ የራሴን የአማርኛ መዝገብ ላዘጋጅ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ፕሮቶኮሉ የግእዝ ፊደላትንም የሚይዘውን የጽሑፍ ኮድ፣ ዩቲኤፍ 8ን፣ ይጠቀማል፣ «ዲክትኤፍኤምቲ» የተባለው መሣሪያም ጽሑፍዎን ወደ መዝገብና ማውጫ ይቀይራል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ለእኛ ድምፃቸው አንድ የሆነው «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ «ፀሐይ»ን ሲያስገቡ «ጸሀይ»ንም በመነሻ ቃልነት ያስመዝግቡ፤ አለዚያ ፈላጊው ባዶ መልስ ያገኛል።