ከእንጨትና ከገለባ ኬሚካል ስለሚያወጡ ናኖ ካታሊስቶች የጠየቃችሁኝ

ሥራዬ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ መሥራትና መፈተሽ ነው። ናኖ የሚባለው ቅንጣቶቹ በናኖሜትር (በሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ) የሚለኩ ሲሆኑ ነው። ጠይቁኝ ስላችሁ ብዙ ላካችሁ፣ ደስ ብሎኛል። በቀጥታ እንግባበት።

ጥያቄ፦ ከሀ ጀምርልን። ብረቱ ምን ይሠራል? ናኖ መሆኑስ ለምን አስፈለገ?

እንጨት፣ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ በአብዛኛው ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን (እንጨቱን እንደ ሙጫ የሚያጠነክረው ክፍል) ናቸው። ሴሉሎስ የግሉኮስ ረጅም ሰንሰለት ነው፣ ሰንሰለቱን ውሃና አሲድ ይበጥሱታል። ከዚያ ብረቱ ይገባል። ለምሳሌ ሩቴኒየም የሃይድሮጅንን ሞለኪውል ገጹ ላይ ይዞ ለሁለት ይከፍለዋል፣ አተሞቹም አጠገባቸው ወዳረፈው ግሉኮስ ይሻገራሉ። ግሉኮሱ ሶርቢቶል የሚባል ጣፋጭ ነገር ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚካሄደው ገጹ ላይ ብቻ ነው። ውስጥ የተቀበረው አተም ሥራ ፈት ነው። አሁን አስቡት፤ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኪዩብ ጠቅላላ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ያንኑ ኪዩብ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆኑ ኪዩቦች ብትከታትፉት ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ሚዛን ላይ ግን ክብደቱ ያው ነው። ውድ ብረት ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የሚወጣው ነገር ምን ይጠቅማል?

ሶርቢቶል የጥርስ ሳሙና ውስጥ አለ፣ ቫይታሚን ሲም ከሱ ተነስቶ ይሠራል። ባዮዲዝል ሲመረት የሚተርፈው ግሊሰሮል በመዳብ ካታሊስት ፕሮፒሊን ግላይኮል (መዋቢያ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ) ይሆናል። ከስኳር የሚገኘው ኤችኤምኤፍ (HMF) የሚባል ውህድ ደግሞ በወርቅ ወይም በፕላቲኒየም ቅንጣት ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኤፍዲሲኤ (FDCA) የሚባል አሲድ ይሰጣል፣ ከዚያ ፒኢኤፍ የሚባል የጠርሙስ ፕላስቲክ ይሠራል። ወርቅ ስል የሚገርማችሁ አላችሁ። ወርቅ ለዘመናት ከምንም ጋር የማይነካካ ብረት ተብሎ ነበር የሚታወቀው። ጃፓናዊው ማሳታኬ ሃሩታ በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሥራ ነው ያንን የገለበጠው፤ ወርቁ ጥቂት ናኖሜትር ሲሆን ካርቦን ሞኖክሳይድን ከዜሮ ዲግሪ በታች እንኳ ከኦክስጅን ጋር ያዋህዳል።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ አዲስ ነው?

አይደለም። ፉርፉራል የሚባለው ኬሚካል ከአጃ ቅርፊት ለገበያ መመረት የጀመረው በ1920ዎቹ ነው። አዲሱ ነገር ሴሉሎስን በአንድ ዕቃ ውስጥ እስከ መጨረሻው መውሰድ ነው። በ2006 ፕላቲኒየም ሴሉሎስን በቀጥታ ወደ ሶርቢቶል ሲለውጥ ታየ፣ በ2008 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች በኒኬልና በተንግስተን ካርባይድ ኤቲሊን ግላይኮል (የፕላስቲክ መሥሪያ) አወጡ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ካታሊስቴ መጀመሪያ ቆንጆ ምርት ሰጠኝ፣ በሦስተኛው ዙር ግን ከግማሽ በታች ወረደ። ምን ነካው?

የዚህ ሙያ ዋናው ራስ ምታት ይኸው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በመጀመሪያው ዙር ምርት መኩራራት ይብቃን። ጥያቄው ስንት ዙር ይቆያል ነው።

አንደኛ፣ ብረቱ ወደ ፈሳሹ እየሟሟ ይሆናል። ኒኬል ከሆነ አንዳንዴ ዓይንህ ይነግርሃል፤ ያጣራኸው ፈሳሽ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሥራውን የሚሠራው ዱቄቱ (ጠጣሩ ካታሊስት) ራሱ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ሪአክሽኑ መሃል ላይ ሲደርስ ካታሊስቱን አጣርተህ አውጣና ፈሳሹን ብቻውን አስቀጥል። ለውጡ ከቀጠለ ሥራውን የያዘው የሟሟው ብረት ነው። ትኩስ እያለ አጣራ። ሲቀዘቅዝ የሟሟው ብረት ተመልሶ ዱቄቱ ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ያኔ ትታለላለህ።

ሁለተኛ፣ ቅንጣቶቹ በሙቀት ተጠጋግተው ተዋህደው ይሆናል። ያኔ ያ ሁሉ ገጽ ጠፋ። ሦስተኛ፣ ጥቁር ቅባት መሰል ነገር ሸፍኗቸው ይሆናል፣ ይህንን ብዙ ጊዜ አቃጥሎ ማጽዳት ይቻላል፤ ተሸካሚው (ቅንጣቶቹ የተጫኑበት ነገር) ከሰል ከሆነ ግን እንዳታደርገው፣ አብሮ ይነዳል።

አራተኛውን እኔው ቀምሼዋለሁ። ፕላቲኒየም ጋማ አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዓይነት) ላይ ጭኜ በ200 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አሠራሁት። ምርቱ ሲወርድ ሳምንታት ብረቱን ስመረምር ከረምኩ። ለካ የፈረሰው ተሸካሚው ነበር! በኤክስሬይ ሲታይ አሉሚናው ቦህማይት ወደሚባል ሌላ ማዕድን ተለውጧል። ለትኩስ ውሃ ከሰል፣ ዚርኮኒያ ወይም ታይታኒያ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በርካሽ ብረት መተካት አይቻልም?

ኒኬል፣ መዳብና ኮባልት ይሠራሉ። ግን ፈሳሹ አሲድ ከሆነ ይበላቸዋል። ከስኳር የሚገኘውን ሌቩሊኒክ አሲድ ጋማ ቫሌሮላክቶን ወደሚባል ማሟሚያ ስትለውጪ ሩቴኒየም የሚመረጠው ለዚህም ነው። እህቴ፣ የግራሙን ዋጋ ብቻ አትዪ፣ በዕድሜው አካፍዪው።

ጥያቄ፦ ሊግኒንስ?

ሊግኒን አስቸጋሪ ነው። ከእንጨቱ ሲላቀቅ ቁርጥራጮቹ መልሰው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። መፍትሔው ካታሊስቱን ከመጀመሪያው ከእንጨቱ ጋር ማስገባት ነው። እንጨቱን በሜታኖል፣ በሃይድሮጅንና በሩቴኒየም ወይም በፓላዲየም ስታበስሉት፣ ቁርጥራጮቹ ሳይጣበቁ ወደ ረጉ ፌኖሎች (ለሌላ ኬሚካል መነሻ የሚሆኑ ውህዶች) ይለወጣሉ። እኔ ከሁሉም በላይ ተስፋ የማደርግበት ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ አደጋ አለው?

አለው። ሃይድሮጅን የነካ ኒኬል ወይም ፓላዲየም ደርቆ አየር ሲያገኘው በራሱ ሊነድ ይችላል። ማጣሪያው ላይ እንዲደርቅ አትተዉት፣ በውሃ አርጥቡት። ወደ ቆሻሻ መጣያ በፍጹም አትወርውሩት።

ጥያቄ፦ በንጹህ ግሉኮስ ጥሩ ውጤት አግኝቻለሁ። ወደ እውነተኛ ገለባ ልለፍ?

እለፍ፣ ግን መጀመሪያ ከገለባው የወጣውን ፈሳሽ መርምር። ፕሮቲን ውስጥ ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች አሉ፣ ጥቂቱ እንኳ ሩቴኒየምን ይመርዛል። ለንጹሁ ግሉኮስህ ትንሽ ሲስቴን (ከነዚሁ አሚኖ አሲዶች አንዱን) ጨምረህ ሞክር። በዚያው ከሞተብህ ገለባውን ሳታጸዳ አትጀምር።