የአንዱ ማኅበር መረጃ ለሌላው ሲታይ ቴስቱ ለምን ዝም ይላል?

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ ላሉ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ዌብ አፕሊኬሽን ሠርተናል። የሸዋ ሮቢቱም የመሐል ሜዳውም ማኅበር አንድ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይጋራሉ፤ የሚለያቸው በየሰንጠረዡ ያለው የማኅበር መለያ ነው። ሮው ሌቭል ሴኩሪቲም (ዩዘሩ የተፈቀደለትን ረድፍ ብቻ እንዲያይ የሚያደርገውን የዳታቤዙን ጥበቃ) አብርተናል። ቴስቶቻችን በሙሉ እያለፉ የመሐል ሜዳው ገንዘብ ያዥ የሸዋ ሮቢትን ብድሮች አየ። እንዴት?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ መጀመሪያ ዳታቤዙ በየትኛው ዩዘር እንደሚከፈት እዩ። ሱፐርዩዘርን (ሙሉ ሥልጣን ያለውን ዩዘር) ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ ጭራሽ አይነካውም። የሰንጠረዡ ባለቤትም ጥበቃው እሱንም እንዲይዝ ሰንጠረዡ ላይ «ፎርስ» ካልታዘዘ እንዲሁ ያልፋል። ስለዚህ ሱፐርዩዘርም ባለቤትም ያልሆነ ዩዘር ፍጠሩ፤ ቴስቱም ፕሮዳክሽኑም በእሱ ይግቡ፣ ማይግሬሽን (የሰንጠረዦቹን አሠራር መቀየር) ብቻ በባለቤቱ ይሂድ። ከዚያ የማኅበር መለያ ሳትሰጡ ብድሮችን ጠይቁ። ባዶ ወይም ስህተት መመለስ አለበት፤ አንድ ረድፍ እንኳ ከመጣ ሌላ ቴስት ከመጻፋችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ።

የሙከራ ዳታው ውስጥ አንድ ማኅበር ብቻ ካለ በማኅበር የሚለየው ማጣሪያ ኖረም ጠፋም ውጤቱ ያው ነው። ሁልጊዜ ሁለት ማኅበር ፍጠሩ፤ ለአንዱ 3፣ ለሌላው 5 ብድር ስጡ። 3 ሲጠበቅ 8 ከመጣ ማጣሪያው የለም፤ 5 ከመጣ የሌላው ማኅበር መለያ ገብቷል።

በመሐል ሜዳው ገንዘብ ያዥ ገብታችሁ የሸዋ ሮቢትን ብድር በመለያ ቁጥሩ ለማየት፣ ለማረምና ለመሰረዝ ሞክሩ። መልሱ 404 («አልተገኘም») ቢሆን ይሻላል፤ 403 («አልተፈቀደም») ብድሩ መኖሩን ይናገራል። ማረምና መሰረዝ ላይ ግን በመልሱ ብቻ አትርኩ፣ ረድፉ እንዳልተነካ ከዳታቤዙ መልሳችሁ አንብቡ። የኤክሴል ኤክስፖርትን አትዝለሉ፤ ብዙ ጊዜ በእጅ በተጻፈ ኩዌሪ ስለሚሠራ የማኅበር ማጣሪያው የሚረሳው እዚያ ነው።

የሌላው ማኅበር መረጃ አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ከሆነ የኮኔክሽን ፑሉን (ጥያቄዎች በየተራ የሚጋሯቸውን የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች) ጠርጥሩ። የማኅበሩ መለያ በተራ «ሴት» ትእዛዝ ከተሰጠ ጥያቄው ካለቀ በኋላም ኮኔክሽኑ ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩ ማኅበር ይወርሰዋል። በትራንዛክሽን ውስጥ «ሴት ሎካል» ተጠቀሙ፤ መለያው ከትራንዛክሽኑ ጋር ያበቃል። ለቴስቱ ፑሉን ወደ 1 ኮኔክሽን አውርዱ፤ በሸዋ ሮቢት መለያ አንድ ጥያቄ አስኪዱ፣ ወዲያው መለያ የሌለው ሌላ ጥያቄ አስከትሉ። 10 ኮኔክሽን ሲኖር ሁለቱ ጥያቄዎች ላይገናኙ ይችላሉ፤ ቴስቱም በአጋጣሚ ያልፋል።

በመጨረሻ ከአንዱ ኩዌሪ ማጣሪያውን ሆን ብላችሁ አንሡ፣ የሰንጠረዡንም ሮው ሌቭል ሴኩሪቲ አጥፉና ቴስቱን አስኪዱ። ያኔም ካለፈ ቴስቱ እንደገና ይጻፍ።