ብሔር፣ ሥራና ሕክምና፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

በሥራ ክርክርና በጤና መድን ጉዳይ ሰው ሳማክር የቆየሁ ነኝ። የቻልኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሬ ሁለት ወር ሳይሞላኝ አሰናበቱኝ። አለቃዬ ብሔሬን እያነሳ ያሽሟጥጠኝ ነበር። ክስ ያዋጣኛል?

መልስ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛን በብሔር መለየትንም፣ በዚያ ሰበብ ማሰናበትንም ይከለክላል። አስቸጋሪው የሙከራ ጊዜ ነው። እስከ 60 የሥራ ቀን ድረስ አሠሪው «ለሥራው ብቁ አይደለም» ብሎ ያለማስጠንቀቂያ ያሰናብታል፤ «ብሔሩ አልተመቸኝም» ብሎ የሚጽፍ ግን የለም። መጀመሪያ ውልህን አውጣና እይ፤ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ ሙከራ ላይ ነበር ሊሉህ አይችሉም። ቀጥሎ ምስክር ፈልግ፦ ሽሙጡን ማን ሰማ? አብረውህ ከገቡት ማን ቀረ፣ ማን ወጣ? ወደ ሥራ ልመለስ የምትል ከሆነ ጥያቄው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሽማግሌ መላኩ ደግ ነው፣ ግን ቀኑን እየቆጠርክ።

ጥያቄ፦ ከባቲ ነን። እናቴ ከኦሮምኛ በቀር አትሰማም። ደሴ ሪፈር ስንባል ወንድሜ ነው የሚያስተረጉምላት። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለምሳሌ የማህፀን ሕመም ቢሆን፣ በወንድ ልጇ አፍ የምትናገር እናት ግማሹን ትውጠዋለች። ባቲ ባለችበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የሥራ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው፤ ደሴ ሲደረስ ግን ነገሩ በዕድል ይሆናል። ካርድ ስታወጡ ኦሮምኛ የሚችል ነርስ እንዳለ ጠይቂ፤ ከሌለ አንቺ ግቢ እንጂ ወንድምሽ አይግባ። ለቀዶ ሕክምና ፈርሙ ሲሏችሁ በቋንቋዋ ሳይነገራት እንዳትፈርም።

ጥያቄ፦ ፋይዳ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፋል?

መልስ፦ አይጻፍም።

ጥያቄ፦ በሕክምና የሚታየው ልዩነት እውነት የብሔር ነው ወይስ የድህነት?

መልስ፦ የእኛ አገር የጤና ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚወጣው በክልል ነው። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት በአዲስ አበባ 97 በመቶ፣ በአፋር 15 በመቶ ነበሩ። ይህን አይቶ «አፋር ሐኪም አይወድም» የሚል አይጠፋም፤ ከብት ተከትሎ የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ግን አይጠይቅም። እዚያው አፋር ውስጥ የከተማ ነዋሪና አርብቶ አደር አንድ አይደሉም። እኔን ከጠየቅህ መንገዱና ገንዘቡ ይቀድማሉ፤ ቋንቋና ንቀት የሚጨመሩት በሩ ላይ ከተደረሰ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ተከራይ ነኝ፣ ጤና መድን እገባለሁ?

መልስ፦ ምዝገባው በቀበሌ በኩል በቤተሰብ ነው፤ ነዋሪነትህን አስመዝግብ። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ ዝርዝሩ የሚያልፈው በቀበሌ ስለሆነ ስምህ መግባቱን ራስህ ሄደህ አረጋግጥ።