ማሪዮ ሪዙን ከየት አመጣው?

ጥያቄ፦ ልጆቼ ስለ ማሪዮ የተሠራውን ፊልም ካዩ ወዲህ በቤታችን ሌላ ወሬ የለም። እኔም በልጅነቴ ጎረቤት ቤት ወረፋ እየጠበቅኩ የተጫወትኩት ጌም ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ትልቁ ልጄ ግን «ማሪዮ የአንድ አከራይ ስም ነው» እያለ ይሞግተኛል። እውነት ነውን? ደግሞስ የጌም ጀግና እንዴት ባለ ሪዝ የቧንቧ ሠራተኛ ሊሆን ቻለ? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው፤ ብቻ ሰውየው ያከራዩት መኖሪያ ቤት ሳይሆን መጋዘን ነበር። ታሪኩ የሚጀምረው ከኪሳራ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1889 በኪዮቶ የመጫወቻ ካርታ በማምረት የተመሠረተው ኒንቴንዶ፣ ራዳር ስኮፕ የተባለውን ሳንቲም እየጎረሰ የሚሠራ የጌም ማሽን 3,000 ያህል ለአሜሪካ ገበያ አቅርቦ፣ ሁለት ሦስተኛው ሳይሸጥ መጋዘን ውስጥ ቀረበት። በማሽኖቹ ውስጥ ሌላ ጌም እንዲገጠም ሲወሰን፣ ሥራው ከዚያ በፊት አንድም ጌም በራሱ መርቶ ለማያውቀው ለወጣቱ ሺገሩ ሚያሞቶ ተሰጠ። ሚያሞቶ መጀመሪያ ያሰበው የካርቱኑን መርከበኛ ፖፓይን ነበር፤ ፈቃዱ ስላልተገኘ ግን በ1981 በወጣው ዶንኪ ኮንግ ላይ መርከበኛውን በአናጺ፣ ባላንጣውን በጎሪላ ተካ። አናጺው በወቅቱ «ጃምፕማን»፣ ማለትም ዘላዩ ሰው፣ ይባል ነበር። ማሪዮ ያሉት በዋሽንግተን ግዛት የነበሩት የኩባንያው ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ስሙን የወሰዱትም ከመጋዘናቸው ባለቤት ከማሪዮ ሴጋሌ ነው።

ሪዙን ያበቀለው የቦታ ጥበት ነው። ሰውየው የሚሳልበት ስፍራ በቁመትም በወርድም 16 ነጥብ ብቻ የሆነ ካሬ ነበር፤ ቀለሙም ከሦስት አያልፍም። በዚያ ላይ አፍ ቢሳል ስለማይለይ ትልቅ አፍንጫና ከሥሩ ሪዝ ተደረገለት፤ ፀጉሩን ከመሣል ለመገላገል ኮፍያ ተደፋለት፤ የእጁ እንቅስቃሴ ከገላው ተለይቶ እንዲታይም ቱታ ለበሰ። የቧንቧ ሠራተኛ የሆነው በ1983 ሲሆን፣ የአዲሱ ጌም ቦታ ከመሬት በታች በቧንቧዎች መካከል ስለነበረ አናጺነቱ አልገጥም አለ። (እርግጥ ነው፣ ቧንቧ ውስጥ ሲገባ እንጂ ሲጠግን ብዙም አይታይም።)

ስሙን የተከለው ግን በመስከረም 1985 በጃፓን የወጣውና ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ነው። ጌሙ በጠቅላላ 40 ኪሎባይት ብቻ ስለነበር፣ በሰማዩ ላይ ያለው ደመናና በምድሩ ላይ ያለው ቁጥቋጦ ቀለሙ የተለወጠ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ከልጆችዎ ጋር ሲጫወቱ ያስተያዩአቸው። በእኔ ግምት ትልቁ ጥበብ ያለው በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። ማሪዮ በግራ በኩል ቆሞ በስተቀኙ ሜዳው ክፍት ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ጽሑፍ አያስፈልገውም። ጥቂት እንደተራመደ ፊቱን ያጨፈገገ ፍጡር ይመጣበታል፤ ካልዘለለ ይሞታል፤ ቢሞትም ያጣው ጥቂት ሴኮንድ ስለሆነ አይከፋውም። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ጡብ ዘሎ ከሥሩ ሲመታ እንጉዳይ ይወጣል፤ እንጉዳዩም ወደ ቀኝ ሄዶ ከቧንቧው ጋር ይላተምና ወደ እሱ ይመለሳል። ተጫዋቹ ጠላት መስሎት ሊዘለው ቢሞክር እንኳ ከላይ ያሉት ጡቦች ወደ ታች ስለሚመልሱት ብዙውን ጊዜ ይነካዋል፤ ያን ጊዜ ማሪዮ በመሞት ፈንታ ሲያድግ ያያል። ከዚያ ወዲህ የመጡ እጅግ ብዙ ጌሞች እንዲህ በቃል ሳይሆን በቦታ አቀማመጥ ማስተማርን የተማሩት ከዚህ ነው።

በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ መዝጊያ ላይ የወቅቱ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ የማሪዮን ቀይ ኮፍያ ደፍተው በስታዲየሙ መካከል ከአረንጓዴ ቧንቧ ብቅ ብለዋል። ሪዙን ግን አላደረጉትም።